ወንድሜን ልውደደው ወይስ ልጠንቀቀው?

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጎንደር ነው፤ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ የምሸጥባት ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባታችን ባለፈው ግንቦት ካረፈ በኋላ የ26 ዓመት ታናሽ ወንድሜ እኔ ጋ መጥቶ መኖር ጀመረ። የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ነሐሴ ላይ የቀን ገቢውን ማስገባት ሲያቅተው ባለቤቱ ወሰደበት። ከመዋል ብዬ ሱቅ አስገባሁት። ጥር መጀመሪያ ላይ ሒሳቤን ሳይ ከመሳቢያውና ከቴሌብሬ በድምሩ 6,500 ብር ጎድሏል። የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ልብሱን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ የቤቲንግ ወረቀት አገኘሁ። ለእናቴ ብነግራት ‹ደምሽ ነው፣ ተይው› አለች። ባለቤቴ ‹ይውጣልኝ› ይላል። ጎረቤቴም ሰምታለች። እሱን ግን ምንም አላልኩትም። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ከወጣቶቹ ጋር ምንጣፍ ሲያነጥፍ አየሁትና ሰው እየሰማ ‹አስመሳይ!› አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳርፈን ሁለት ወር ሆነን። ራቱን በሳህን ለብቻው አስቀምጥለታለሁ። አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ሰባኪው ‹ያለ ቅድመ ሁኔታ ውደዱ› ሲሉ እንባዬ ይመጣል። ያለ ቅድመ ሁኔታ መውደድ ማለት እየተሰረቁ ዝም ማለት ነው? ገንዘቡን ልጠይቀው ወይስ ልተወው? እጄ ያበላዋል፣ ልቤ ግን እንቢ ብሎኛል። የአባታችን ሙት ዓመትም እየደረሰ ነው፤ ከእሱ ጋር እንዴት አድርጌ ነው የምደግሰው?»

እኅታችን፣ አስቀድመሽ አንድ ነገር ልብ በይልን። ለእናትሽ ነገርሽ፣ ለባለቤትሽ ነገርሽ፣ ጎረቤትሽም ሰማች፣ ለእኛም ጻፍሽ። እስካሁን ከአንቺ አፍ ያልሰማው ብሩን የወሰደው ሰው ብቻ ነው። እሱ የሰማው አንድ ቃል ነው፤ እሱም በአደባባይ፣ በከተራ፣ «አስመሳይ» የሚል። ወደዚህ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ያለ ቅድመ ሁኔታ መውደድ እየተሰረቁ ዝም ማለት አይደለም። የተቀላቀሉብሽ ፍቅርና አመኔታ ናቸው። ፍቅር ለሰውየው በጎውን መሻት፣ በጎውንም ማድረግ ነው፤ ይህ ቅድመ ሁኔታ የለውም። አመኔታ ግን መሳቢያውን፣ ቁልፉን፣ የቴሌብሩን የይለፍ ቁጥር በእጁ መተው ነው፤ ይህ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ሊኖረውም ይገባል። በዮሐንስ ወንጌል ሁለቱ ተጎራብተው ተቀምጠዋል። ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 እግዚአብሔር ዓለሙን እንዲሁ እንደ ወደደ ይነግረናል። ከዚያ ጥቂት ከፍ ብለሽ ምዕራፍ 2 ቁጥር 24ን ብታዪ ግን፣ ጌታ በፋሲካ በዓል ምልክቱን አይተው ያመኑበትን ሰዎች ሁሉን ያውቅ ስለ ነበር እንዳልተማመናቸው ተጽፏል። የሚሞትላቸው እነዚያኑ ሰዎች ነው። ስለዚህ «ወድጄዋለሁ ግን አላምነውም» ማለት የፍቅር ጉድለት አይደለም።

የጠፋው ልጅ አባትም እንዲሁ ነው። ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ፤ ያጠናውን ንግግር እንኳ አላስጨረሰውም፤ ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ አስመጣለት። «እስቲ ስድስት ወር ልይህና ልጄ እልሃለሁ» አላለውም። ርስቱን ግን እንደገና አላካፈለም፤ ለታላቁ ልጅ «ለእኔ የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» ብሎታል። ታናሹ በሩቅ አገር ገንዘቡን ሲበትን በነበረበት ጊዜም አባትየው ስንቅ እያስከተለ እንደላከለት አልተጻፈም። ወንድምነት በአንድ ቀን ይመለሳል። የመሳቢያው ቁልፍ በአንድ ቀን አይመለስም።

ለአንቺ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ዮሴፍ ይመስለናል፤ የበደሉት የገዛ ወንድሞቹ ናቸውና። ኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 42 እስከ 45 ያለውን በዚህ ሳምንት ቁጭ ብለሽ በአንድ ጊዜ አንብቢው። እህል ሊሸምቱ ሲመጡ አወቃቸው፣ ዘወር ብሎም አለቀሰ። ሲሸኛቸውም ስልቻቸው በእህል እንዲሞላ፣ ብራቸው እንዲመለስ፣ ለመንገዳቸውም ስንቅ እንዲሰጣቸው አዘዘ። እንጀራው ምንም አልተጠየቀበትም። ማንነቱን ግን ወዲያው አልገለጠላቸውም። ብንያምን ጥለውት ይሄዱ እንደሆነ አየ፣ ጠበቀ። ይሁዳ «በብላቴናው ፈንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር» ባለ ጊዜ ነው ልቡ የተከፈተው። አንዲት ነገር ደግሞ አትለፊ፦ «እኔ ዮሴፍ ነኝ» ከማለቱ በፊት ግብፃውያኑን ሁሉ ከፊቱ አስወጣ። የወንድሞቹ ጉድ በባዕድ ፊት እንዳይነገር ከለለላቸው። ከዮሴፍ ሦስት ነገር ውሰጂ፤ ምግቡን ወዲያው፣ አመኔታውን በጊዜው፣ ነውሩን በጓዳ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ከወንድምሽ በፊት ባለቤትሽን አነጋግሪ። ቤቱ የሁለታችሁ ነው፤ አንቺ ብቻሽን ቸር ሆነሽ ወጪውን ለሁለት የምትከፍሉት ፍቅር ትዳርሽን ይጎዳል። «ይውጣልኝ» ማለቱ ጥላቻ ነው ብለሽ አትነሺ፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው የሄደው። ሦስት ነገር ብቻ ተስማሙ። ወንድምሽ ቢያንስ እስከ ሙት ዓመቱ እቤት ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ደግማችሁ ተነጋገሩ። ከሠራበት ደመወዝ በቀር ሁለታችሁም በእጁ ጥሬ ብር አትስጡት። በልጆቹ ፊት የስርቆቱ ነገር አይነሣ። ይህ የመኖሪያ ስምምነት ነው፤ ቤት ውስጥ መኖር ሥርዓት ሊኖረው ይችላል። በመጨረሻ ሌላ ቦታ እንዲኖር ብትወስኑ እንኳ ማደሪያ ፈልጋችሁለት ይውጣ፤ የእሑድ ምሳውም እናንተ ቤት ይሁን። ወጣ ማለት ወንድምሽ መሆኑ ቀረ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ኩርፊያው። እውነቱን እንንገርሽ፣ ከ6,500 ብሩ ይልቅ ቤታችሁን እየጎዳ ያለው ኩርፊያው ነው። ስርቆቱ ጥር ላይ አልቋል፤ ኩርፊያው በየቀኑ አዲስ ነው። ነገ ጠዋት ስሙን ጠርተሽ «እንዴት አደርክ?» በይው። ይኸው ነው፣ ሌላ አትጨምሪበት። ላይመልስ ይችላል፤ አጉረምርሞ ሊያልፍ ይችላል። «ሰላም ስልህ አትመልስም እንዴ?» ያልሽ ቀን ሰላምታሽ ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ሆነ። ቢመልስም ባይመልስም ለ10 ቀን ያህል ቀጥዪ። ለምን እንዲህ በትንሹ ትዪን ይሆናል። ሁለት ወር የተዘጋ ሰው ድንገት «የኔ ወንድም፣ የኔ ጌታ» ሲባል ይደነግጣል፤ ወይ አንድ ነገር ልትጠይቂው ነው፣ ወይ ሌላ ጉድ አግኝተሽበታል ብሎ ያስባል።

በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ሳህኑን አንሺው። በአገራችን አንድን ሰው ከማዕድ ለይቶ በሳህን ማስቀመጥ ከስድብ የከፋ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ «ና፣ እንብላ» በይው። ሽሮም ይሁን ምስር ከአንድ ትሪ ይብላ። እንቢ ካለ አትጎትቺው፤ ቦታውን ግን ክፍት አድርገሽ ተቀመጪ። በግድ ማጉረስም አያስፈልግም፤ ጉርሻው ልብ ሲለሰልስ ራሱ ይመጣል። ቡና ስታፈዪ ደግሞ በአቦሉ ጥሪው። በረካው ላይ የሚጠራ ሰው ለትርፍ እንደተጠራ ይገባዋል።

አሁን ዋናው ንግግር። ማቴዎስ 18 ቁጥር 15 ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፣ ከዚያም ለቤተ ክርስቲያን። የብዙዎቻችን ስሕተት ከኋላ መጀመር ነው፦ መጀመሪያ ዘመድና ጎረቤት ይሰማል፣ ቀጥሎ ሽማግሌ ይጠራል፣ ባለጉዳዩ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ያን ጊዜ ሰውየው ስለ ጥፋቱ ማሰቡን ትቶ ስለ ውርደቱ ያስባል። ቅዳሜ ገበያ የተወራ ነገር ፒያሳ ለመድረስ ግማሽ ቀን እንደማይፈጅበት አንቺ ከእኛ የበለጠ ታውቂያለሽ።

ቀኑን ምረጪ። ጾም ሳትፈቱ ከ9 ሰዓት በፊት አይሁን፤ የራበው ሰው ቶሎ ይቆጣል። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ኳስ ያለበት ነው፣ ልቡ ቤቲንግ ቤት ይሆናል። ጫት ቅሞ በገባበት ምሽትም አይሁን። ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ከምግብ በኋላ፣ ልጆቹ በሌሉበት ይሁን። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ እጅ ሥራ ይዛችሁ ብትነጋገሩ ይቀላል። በርበሬ እየቀነጠሳችሁ የሚነገር ነገር ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይነገራል። ከ20 ደቂቃ አይለፍ።

የሚቀድመው የአንቺ ይቅርታ ነው። «በከተራ ዕለት በሰው ፊት አስመሳይ ብዬሃለሁ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን አንተም…» ካልሽ ይቅርታው ፈረሰ። ስለ ምንጣፉም አንድ ቃል እንበልሽ። የበደለ ሰው ታቦት ፊት ምንጣፍ ማንጠፉ ማስመሰል ነው ብለን አንፈርድም፤ ምናልባት ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚሰማው እዚያ ብቻ ይሆናል። የሰውን አገልግሎት በጥፋቱ አትምቺበት። ያንን በር ከዘጋሽበት በየት በኩል ይመለስ?

ከይቅርታው በኋላ ነገሩን እንዳለ ንገሪው፦ «ጥር ላይ ከመሳቢያውና ከቴሌብሬ 6,500 ብር ጎድሏል። የቤቲንግ ወረቀት ኪስህ ውስጥ አይቻለሁ። እንደወሰድከው አምናለሁ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር፤ በጣም አዝኛለሁ። ወንድሜ ነህ፣ ይህ አይቀየርም። አንተ ምን ትላለህ?» «ሌባ ነህ» እና «ወስደሃል» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስም ነው፣ ይለጠፋል፤ ሁለተኛው ድርጊት ነው፣ ይመለሳል።

ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። ቢያምንና ቢያለቅስ «ተወው፣ ተወው» ብለሽ አታቋርጪው፤ እንባው ራሱ መድኃኒት ነው። ቢክድ አትከራከሪ፣ ማስረጃ እየደረደርሽ እንደ ዐቃቤ ሕግ አትቁሚበት። «እኔ ያየሁትን ነግሬሃለሁ፤ ዝግጁ ስትሆን እሰማሃለሁ» ብለሽ በርበሬሽን ቀንጥሺ። «ለእማማ ነግረሽ አዋርደሽኛል» ካለሽ እውነቱን ነው፣ ያንንም ይቅርታ ጠይቂው። ቢቆጣና ድምፁን ከፍ ቢያደርግ «ነገ እንነጋገራለን» ብለሽ ተነሺ። እጁን ቢሰነዝር ወይም በአንቺም በልጆችም ላይ ቢዝት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዚያኑ ቀን ከቤት ይውጣ፣ ለባለቤትሽም ለፖሊስም ንገሪ። መመታትን ፍቅር ብላ የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን የለችም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ጠይቂው እንላለን። ዘኬዎስን አስቢ፤ ሉቃስ 19 ላይ ጌታ ወደ ቤቱ የገባው መጀመሪያ ነው። «መልስና እመጣለሁ» አላለውም። ዘኬዎስ ግን ቆሞ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ፍቅሩ ቀደመ፣ መመለሱ ተከተለ። ወንድምሽም ለንስሐ አባቱ የወሰደውን ሲናዘዝ እንዲመልስ መጠየቁ አይቀርም። መልስ ማለትሽ ሸክሙን የሚያወርድበትን መንገድ ማሳየት ነው፤ ዝም ብለሽ ብትተዪው የተዋረደበት ነገር ሆድ ሆዱን እየበላው ይኖራል።

ነገር ግን በሚችለው ልክ ይሁን። በሱቁ ጥሬ ብር የማይነካበት ሥራ ሞልቷል፦ በርበሬ መቀንጠስ፣ ማስጣት፣ ጆንያ መሸከም፣ ወፍጮ ቤት ወስዶ ማስፈጨት። ለሠራው በሳምንት ቁርጥ ደመወዝ ክፈዪው። ክፍያው ሰኞ ጠዋት ይሁን እንጂ ቅዳሜ አይሁን፤ የቅዳሜ ብር ቤቲንግ ቤት ታድራለች። ከዚያ ላይ 250 ብር በገዛ እጁ ለአንቺ ይስጥ። ቀንሰሽ አትስጪው፤ ሲቀነስበት ተቀጣ፣ በእጁ ሲሰጥ ግን መለሰ። በዚህ ሒሳብ 6,500 ብር በ26 ሳምንት ያልቃል። ሁለታችሁም የምታዩት አንድ ደብተር ላይ ቀኑና ብሩ ይጻፍ። አንድ ሳምንት ቢያልፈው ዝም በይ፤ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ካለፈ ግን ያን ሰኞ አንሺው፣ ወር ሙሉ አብላልተሽ አትፈንጂ። ግማሹን ልተውለት ካልሽ ደግሞ ጥሩ። ግን አንድ ጊዜ፣ ባለቤትሽ ባለበት፣ በግልጽ «ይህን ትቼልሃለሁ» በይና ከደብተሩ ሰርዢው። በአፍ ተትቶ በጠብ ጊዜ የሚነሣ ዕዳ ካልተተወ ዕዳ ይከፋል።

ወደፊት ብድር ቢጠይቅሽ የሉቃስ 6 ቁጥር 35 ምክር ይበቃል፦ ተስፋ ሳታደርጊ አበድሪ። ትርጉሙ በሥራ ላይ ሲውል፣ ቢቀር ልጆችሽ የማይጎዱበትን ያህል ብቻ ስጪ፣ በሰጠሽ ቀንም እንደ ስጦታ ቁጠሪው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ «የለኝም» ሳይሆን «አልሰጥም» በይው። ውሸት አትጨምሪበት።

የሱቁ ነገር አጭር ነው። የቴሌብሩን የይለፍ ቁጥር ዛሬ ቀይሪ፣ ስልክሽን ሱቅ ላይ ጥለሽ አትሂጂ። መሳቢያው ይቆለፍ፣ ሽያጩ ማታ ማታ ተቆጥሮ ይጻፍ። ይህን ስታደርጊ አንድም ቃል አትናገሪ። ቁልፉን እያንቃጨልሽ «ከእንግዲህማ…» ማለት ጥንቃቄ አይደለም፣ በቀል ነው። አባቶች «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላሉ፤ ማጭዱን መከልከል እንጂ ሰውየውን መስደብ አላሉም።

ሆድ የባሰው ስንል አንድ ነገር አለን። በደብዳቤሽ ውስጥ አራርቀሽ ያስቀመጥሻቸው ሁለት ወራት አሉ፤ አባታችሁ ግንቦት ላይ ዐረፉ፣ ባጃጁ ነሐሴ ላይ ሄደ። ከአባታችሁ አርባ ብዙም ሳይቆይ፣ ገና ሰማንያው ሳይርቅ ማለት ነው። አንቺ ባልና ልጆች አሉሽ፣ ሱቅ አለሽ፣ ሐዘንሽን የምታሳልፊበት ሥራ አለሽ። እሱ አባቱን፣ ሥራውንና ቤቱን በአንድ ክረምት አጥቷል። ይህ ስርቆቱን ትክክል አያደርገውም። ግን የቤቲንጉ ወረቀት ከየት እንደመጣ ሊነግርሽ ይችላል። «አባዬን ታስበዋለህ?» ብለሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ጠይቂው። መወራረዱን ልተው ብሎ ካቃተው፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ብቻውን መሆን ካበዛ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ አብረሽው ሂጂ። ጠበል ቢጠመቅም መልካም ነው፤ ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም።

አሁን ስለ ልብሽ። «እጄ ያበላዋል፣ ልቤ ግን እንቢ ብሎኛል» ብለሻል። እጅሽ መቅደሙ አያሳፍርሽ። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ስለ ፍቅር ሲናገር «ይታገሣል፣ ቸርነትንም ያደርጋል፣ አይቀናም፣ አይመካም፣ አይበሳጭም፣ በደልን አይቆጥርም» ይላል። ሁሉም ሥራ ነው፤ «ደስ ይለዋል» የሚለው እንኳ ከእውነት ጋር ነው። ያው ምዕራፍ ግን ያለውን ሁሉ ለድሆች ያበላ ሰው ፍቅር ከሌለው ምንም እንደማይጠቅመው ይናገራል። ስለዚህ እጅሽ ልብሽን ይጎትተው እንጂ አይተካው። እንዴት ይጎተታል? እኛ የምናውቀው መንገድ ጸሎት ነው፣ ግን አጸላለዩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ጠዋት ከሱቅ በፊት 3 ደቂቃ ያህል በክርስትና ስሙ ጠርተሽ ጸልዪለት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጣሽን ደብቀሽ አትቁሚ፤ በዳዊት መዝሙር ውስጥ ያልተነገረ ምሬት የለም። «ጌታ ሆይ፣ የልጆቼን የትምህርት ቤት ብር ወሰደብኝ፣ አቃጥሎኛል» በዪ፣ ብሩንም ጥሪ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ለእሱ አንድ በጎ ነገር በስም ለይተሽ ለምኚ፦ ሥራ፣ እንቅልፍ፣ ከአባቱ ሐዘን መጽናናት። «ጥፋቱን አሳየው» የሚለውን ለጊዜው ተዪው። እሱ ጸሎት የለበሰ ክስ ነው። ለሰው በጎ እየለመንሽ ያንኑ ሰው ለረጅም ጊዜ መጥላት ከባድ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ልብ ይሸነፋል።

ማታ ሽያጭ ስትቆጥሪ ቁጣው ይመለሳል። ይህ ይቅርታሽ ውሸት ስለሆነ አይደለም። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ሲል ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት አለው፤ እኛ ስናየው አብዛኛው ይቅርታ ለአዲስ በደል ሳይሆን ያው አንዱ በደል በታወሰ ቁጥር የሚደገም ነው። «ይህንን ይቅር ብያለሁ» ብለሽ ብሩን መቁጠርሽን ቀጥዪ። አንድ ምሽት ብትሸነፊና ብትጮሂበት ዕለቱን፣ ሳትተኚ ይቅርታ ጠይቂው፤ ኤፌሶን 4 በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ይላልና።

በጣም የምትጠነቀቂው ነገር ግን ስውሩን ቅድመ ሁኔታ ነው። «ይህን ሁሉ አድርጌለት አመሰግናለሁ እንኳ አላለኝም» የሚል ሐሳብ ሲመጣ፣ ፍቅርሽ ዋጋ ተቆርጦለት ነበር ማለት ነው። «ይለወጣል ብዬ ነበር» የሚለውም ያው ነው። ራስሽን ጠይቂ፦ የዛሬ ዓመት እንዲሁ እንዳለ ቢሆን በጎውን እሻለታለሁ? መልሱ «አላውቅም» ቢሆን አትደንግጪ፤ ልምምድ ነው። በየሳምንቱ አንድ፣ እሱ የማያውቀው መልካም ነገር አድርጊለት፦ የእሑድ ነጠላውን አጥበሽ ቦታው መልሺ፣ የተቀደደ ጫማውን አሰፊ፣ በስሙ ጧፍ አብሪ። ለማንም አትንገሪ፣ ለባለቤትሽም ቢሆን። የማይመሰገኑበት ሥራ ከልብ ላይ ዋጋ የመጠበቅን ልማድ ቀስ በቀስ ያነሣል። በዚህ ጾም በየቤተ ክርስቲያኑ የሚዜመው የቅዱስ ያሬድ ዜማም ጾምን እንጹም ካለ በኋላ ወዲያው ባልንጀራችንን እንውደድ ይላል፤ ሁለቱን አልለያቸውም።

እናትሽን በተመለከተ ብዙ አንልም። «ተይው» የምትልሽ ሁለታችሁንም ላለማጣት ነው። ከእንግዲህ የእሱን ነገር ለእሷ አታመላልሺ፤ ከጠየቀችሽ «እየተነጋገርን ነው» በቂ ነው። ብር ልትልክለት ብታስብ ግን በእጁ ሳይሆን በዕቃ እንዲሆን ንገሪያት።

ሽማግሌ የሚያስፈልገው ብቻችሁን ተነጋግራችሁ ካልሆነ ነው። ያን ጊዜም ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ እሱ የሚያከብረው ይሁን፣ ሌላው የንስሐ አባታችሁ ቢሆኑ መልካም። አስቀድመሽ አንድ ነገር ለምኚያቸው፦ ነገሩ ሳይነገር «በሉ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ተሳሳሙ» እንዳይሉ። ሳይነገር የታረቀ ነገር በሚቀጥለው በዓል ይፈነዳል። ጥፋቱ ይነገር፣ መመለሻው ይወሰን፣ መሳሳሙ ከዚያ በኋላ ይሁን።

የመጨረሻው ሙት ዓመቱ። አባት የሁለታችሁም ነው፤ በዚህ ላይ ምንም አትቀንሽበት። ለፍትሐቱ ካህናቱን ለመንገር አብራችሁ ሂዱ። በደጀ ሰላም ለነዳያን የሚታደለውን ዳቦ እሱ በእጁ ያድል። እንግዳ ሲገባ በር ላይ ቆሞ የሚቀበለው፣ ጠላውን የሚቀዳው እሱ ይሁን፤ የአባቱ ልጅ መሆኑን አገር ይይ። የሽንኩርቱን፣ የዘይቱን፣ የበጉን ብር ግን ባለቤትሽ ይያዝ። ለወንድምሽ ደግሞ አንድ አደራ ስጪው፦ ድንኳኑን፣ ሳህኑንና ብርጭቆውን ከእድሩ ዕቃ ቤት ቆጥሮ፣ በስሙ ፈርሞ ያውጣ፤ ድግሱ ሲያልቅም ቆጥሮ ይመልስ። ሲመልስ አብረሽው አትሂጂ። ቆጠራውን የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ይጨርስለት፤ አንቺ ቡናውን አቅርበሽ በአቦሉ ጠብቂው።